ላሟ ሜዳ ላይ ዋለች፤ በላች ወይ?

(በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚኖሩ አርሶ አደሮች፣ ለቀበሌ የእንስሳት ባለሙያዎችና ለግብርና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ከተሰብሳቢው የተነሱት ጥያቄዎች መጨረሻው ላይ አሉ።)

ጤና ይስጥልኝ። ከመንዝም፣ ከአንጎለላም፣ ከባሶናም፣ ከጣርማበርም የመጣችሁ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። በዚህ ውርጭ በጠዋት መነሳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ግጦሽ ነው የማወራው። ስለ ዝርያ ማሻሻል ብዙ ሰምታችኋል። ስለ ክትባትም እንዲሁ። ግጦሽ ግን የሚወራበት ነገር አይመስልም። “ከብቶቹስ?” ሲባል “ሜዳ ናቸው” ይባላል። በቃ። ሜዳ ከዋሉ እንደበሉ ይቆጠራል።

እኔ ደግሞ ሜዳ መዋልና መብላት ለየብቻ ናቸው ባይ ነኝ። ከብቱ ምን ያህል እንደሚበላ የሜዳው ስፋት ብቻውን አይወስንም። የገባበት ቀን፣ የሚወጣበት ቀን፣ የሳሩ ቁመት፣ አብሮት የሚግጠው እንስሳ፣ እነዚህ ሁሉ ይወስናሉ። መሬት መጨመር አንችልም። እነዚህን ግን እንችላለን።

እስቲ አንዲት ላም እንከተል። የተዳቀለች የወተት ላም ናት፤ 400 ኪሎ ትመዝናለች። እንዲህ ያለች ላም በቀን የክብደቷን 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። 12 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ውሃው ሳይታሰብ ነው። ለጋ የክረምት ሳር ከአምስት እጁ አራቱ ውሃ ስለሆነ፣ በእርጥቡ 60 ኪሎ ይሆናል። ጎረምሳ ተሸክሞት የሚንገዳገድበትን ሳር በየቀኑ በአፏ ማስገባት አለባት።

አሁን ጉርሻዋን እንቁጠር። ላም ስትግጥ ምላሷን ታወጣለች፣ ሳሩን ትጠመጥማለች፣ ነጭታ ትጎርሳለች። በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል። 8 ሰዓት ሙሉ ብትግጥ 24,000 ጉርሻ ነው። ሳሩ ስንዝር ያህል ከሆነና ቅጠሉ ከበዛ፣ በአንድ ጉርሻ ግማሽ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ታገኛለች። 24,000 ጊዜ ግማሽ ግራም፣ 12 ኪሎ። ሞላላት።

ሳሩ ተግጦ ተግጦ ከሦስት ጣት በታች ቢወርድስ? ምላሷ የሚጠመጥመው ነገር ያጣል። ጉርሻው ወደ 0.3 ግራም ይወርዳል እንበል። ያው 24,000 ጉርሻ አሁን 7 ኪሎ ብቻ ነው። 12 ለመሙላት ከ13 ሰዓት በላይ መጋጥ ይኖርባታል። ከብት ደግሞ ያን ያህል አይግጥም። ማመስኳት አለ፣ መተኛት አለ፣ ውሃ መውረድ አለ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ አይተን “ደህና እየበላች ነው” የምንለው ላም እየተራበች ሊሆን ይችላል። እንዲያውም አንገቷን ቀና ሳታደርግ የምትውል ላም ታሳስበኛለች። የጠገበች ላም ረፋዱ ላይ ተኝታ ታመሰኳለች።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ እኛ አካባቢ ከብት ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ 11 ሰዓት ላይ ይመለሳል። በወረቀት 8 ሰዓት ነው። ወንዝ መውረድና መውጣቱ ሲቀነስ 7 ላይቀር ይችላል። ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ከብት በተፈጥሮው ረጅሙን ግጦሽ የሚግጠው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሳሩም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ስኳሩ የሚበዛው ያኔ ነው። እኛ በዚያው ሰዓት ወደ በረት እንነዳዋለን። አልፈርድም። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ እረኛው ልጅ ጥናት አለበት። ግን በሜዳ የጎደለው በበረት መካካስ አለበት። ድርቆሽ ካላችሁ ዋናውን ድርሻ ማታ ስጡ። ሌሊቱን ያመሰኳዋል።

መብላቷን ማረጋገጥ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሚዛን አይጠይቅም። ማታ በረት ሲገቡ ከላሟ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ ቁሙ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ከዳሌው አጥንት በፊት አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች። የላሟ ከርስ፣ ማለትም የዋጠችው ሳር መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ትልቁ ሆድ፣ ያለው በዚያ በኩል ነው። ጉድጓዷ ሞልታ ከጎድኗ ጋር ከተስተካከለች ቀኑ ጥሩ ነበር። ጡጫ የምታስገባ ሦስት ማዕዘን ሆና ከገባች፣ ላሟ የዋለችው በባዶው ነው። በቀኝ በኩል አትዩ፤ አይነግራችሁም። ይህን ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ብታዩ፣ የትኛው ሜዳ ከብቱን እንደሚመግብና የትኛው እንደሚያውለው ብቻ ትለያላችሁ።

ወደ ገመድ ልግባ። ብዙዎቻችሁ በክረምት ከብት በችካል ታስራላችሁ። ጥሩ ነው። ሰብል ይድናል፣ እረኛ ይቆጠባል። ችግሩ የገመዱ ርዝመት በሂሳብ አለመመረጡ ነው። ቤት የተገኘው ገመድ ይታሰራል። ገመድ ግን ስፍር ነው። 4 ሜትር ገመድ ለእንስሳው 50 ካሬ ሜትር ሳር ይሰጠዋል። 6 ሜትር ስታደርጉት 113 ካሬ ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር ጨምራችሁ ከእጥፍ በላይ መሬት ሰጣችሁት ማለት ነው።

ሳሩስ ስንት ነው? ለክታችሁ እወቁ። ከባህር ዛፍ ጭራሮ አራት አንድ አንድ ሜትር ቁረጡና በአራት ማዕዘን እሰሩት። ሜዳው ላይ ጣሉት። መካከለኛ ቦታ ላይ ይሁን፤ ለምለሙን ብቻ መርጣችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። በውስጡ ያለውን ሳር በማጭድ ከሥር እጨዱ፣ ቆርቆሮ ላይ ዘርግታችሁ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁ፣ መዝኑ። ሦስት አራት ቦታ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 150 ግራም መጣ እንበል። ከዚያ ላይ ግማሹን ብቻ ለከብቱ ተዉለት፤ ሌላው ግማሽ ለሳሩ ራሱ ነው፣ መልሶ የሚያቆጠቁጥበት። በካሬ ሜትር 75 ግራም ቀረን።

አሁን 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በ4 ሜትር ገመድ አስራችሁ ዋላችሁ። 50 ጊዜ 75፣ 3 ኪሎ ከ750 ግራም ነው። በሬው የሚፈልገው የክብደቱን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 7.5 ኪሎ ነው። እኩለ ቀን ላይ ድርሻውን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚበላው የነገውን ሳር ነው፤ ሥሩን ይፍቃል። በ6 ሜትር ገመድ ግን 8.5 ኪሎ ያህል አለው። በቃው። ገመድ ማስረዘም ካልተመቻችሁ እኩለ ቀን ላይ ችካሉን ንቀሉና አዲስ ቦታ ምቱት። ፋጉሎ፣ ያ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው መኖ፣ ከመግዛት ይልቅ ይህ ይቀላል።

ያው ገመድ በተቃራኒውም ይሠራል። ብዙ እንዳይበላ የምትፈልጉትን እንስሳ የምትገቱት በገመድ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ላም በምላሷ ስለምትጠመጥም አጭር ሳር ላይ ትቸገራለች። የበግ ከንፈር ቀጭን ነው፣ መሃሉ የተሰነጠቀ፣ የሚንቀሳቀስ፤ ቅጠል እየመረጠ ሥሩ ድረስ ይወርዳል። ፈረስና አህያ ደግሞ ላይም ታችም የፊት ጥርስ አላቸው፤ እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። ላምና በግ ላይኛው ድዳቸው ላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። ሁሉንም አንድ ላይ አንድ ሜዳ ላይ ስትለቁ መጀመሪያ የምትራበው ላሟ ናት። መጨረሻ የሚራበው አህያው ነው። የእኛን መንደር ሜዳ በጥር ወር አይታችሁ ከሆነ፣ አህያው ወፍራም፣ ላሟ አጥንቷ የወጣ ነው። ሰው “አህያ ምን ይበላል፣ ይችላል” ይላል። አህያው የላሟን ጭምር በልቶ ነው።

ስለዚህ ተራ አውጡ። የምትታለበው ላምና ጥጃዋ ቀድመው ይግቡ፤ ጫፉን፣ ለጋውን ይብሉ። በማግስቱ በሬና ያልወለዱ ጊደሮች ይከተሉ። በግ ቀጥሎ። ፈረስና አህያ የተረፈውን ያጽዱ። ግልገል የያዘች በግ ካለች ግን ከላሞቹ ጋር ትቅደም፤ ወተቷ የሚወሰነው በዚያ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ 25 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ በቀን 750 ግራም ደረቅ መኖ ይበቃዋል። በጥቂቱ የሚኖረው ለዚህ ነው።

እስካሁን ስላጠረ ሳር ነው ያወራሁት። የረዘመም ችግር ነው። ሳር አበባ አውጥቶ፣ ዘር ይዞ፣ አገዳው ሲጠነክር ከርስ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም። ከርስ ሲሞላ እንስሳው መብላት ያቆማል። ሜዳው ሙሉ ነው፣ ሆዱ ሙሉ ነው፣ ግን አይወፍርም። ደግሞ የሳሩ ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ከርስ ውስጥ ያሉት ሳር የሚያፈርሱት ረቂቅ ነፍሳት ራሳቸው ይራባሉ። ሥራቸው ይቀዘቅዛል። የመብላት ፍላጎቱም አብሮ ይወርዳል። ያኔ ትሪ ሉሰርን ከሚባለው የመኖ ዛፍ ጥቂት ቅጠል፣ ወይ ጥቂት ፋጉሎ፣ ወይ ቪች የሚባለውን የመኖ ሐረግ ብትጨምሩ የተጠላው ገለባ ሲበላ ታያላችሁ።

ድርቆሽን ዘግይተን የምናጭደው ለብዛቱ ብለን ነው። ክምሩ ትልቅ ይሆናል፣ ያምራል። ሳሩ ማበብ እንደጀመረ፣ ዝናቡ ፋታ እንደሰጠ የታጨደ ትንሽ ክምር ግን ኅዳር ላይ ከታጨደ ትልቅ ክምር ይሻላል። ጎረቤት “ሳይደርስ አጨደው” ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ።

ስለ ማሳረፍ በአጭሩ። በዝናብ ወቅት የተጋጠ ሳር በጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ከብቱ እዚያው ከቆየ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ነው፤ ይጣፍጠዋላ። ሁለተኛ ሲነጭ ሳሩ ሥሩ ውስጥ ያከማቸውን ያጣል። ስለዚህ ሜዳችሁን በገመድም በእሾህ አጥርም ከፍላችሁ፣ አንዱን ቁራጭ ከአምስት ቀን በላይ አታስግጡ፤ ከዚያ አንድ ወር ያህል ዝጉት። የደጋው ብርድ ሳሩን ያዘገየዋልና ከወርም ሊያልፍ ይችላል። በበጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ሳር አያድግም፤ ስለዚህ በበጋ ማዞር ያለውን ማብቃቃት ነው እንጂ ማሳረፍ አይባልም። የሚቀጥለው ለጋ ሳር በልግ ከዘነበ መጋቢት ላይ ነው፤ ካልዘነበ ሐምሌን መጠበቅ ነው። ያላችሁን ሳር በእነዚያ ወራት አካፍሉት።

መረሬ መሬት ላይ፣ ውሃ በሚይዘው ጥቁር አፈር ላይ፣ በክረምት ከብት አትልቀቁ። የሚረግጠው ከሚበላው ይበዛል። ረግረጉ ጥግ ላይ የሚቀረው ሳርም በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ይጠራል፤ ቀንድ አውጣው ግን እዚያ ነው፣ የጉበት ትሉም ከእሱ ጋር። ያንን ጥግ አጥሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

አንድ አባት እንዲህ አሉ፦ “ሁሉም ጥሩ ነው። የእኛ ሜዳ ግን የወል ነው። እኔ ግማሹን ሳር ብተው የጎረቤቴ በሬ ይበላዋል። ለማን ነው የምተወው?”

አባቴ፣ ልክ ነዎት። በወል ሜዳ ላይ ብቻውን የሚቆጥብ ሰው ሞኝ ነው የሚሆነው። መልሱ ግን ከዚሁ ከአገራችን ይገኛል። መንዝ ውስጥ ጓሳ በሚባለው ሰፊ የወል የሳር መሬት ላይ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበር። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበረው። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ እስከ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት። ማንም አያስግጥም፣ ማንም አያጭድም። ሳሩ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል። ክረምት ሲገባ ሁሉም ይወጣል። የጣሰ ይቀጣል። ይህ ለመቶዎች ዓመታት ሠርቷል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰና ጓሳው ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አቆመው። ዛሬ ጓሳው ላይ ሳሩም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም አሉ።

በመንደር ደረጃ ደግሞ ሜዳውን ሁሉ መዝጋት አያስፈልግም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲሶውን ብቻ ዝጉ። የሚከፈተውን ቀን አስቀድማችሁ በጉባኤ ቁረጡ። ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፣ ግን ይከፈል። ቅጣቱ ትልቅ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ፤ ማንም በጎረቤቱ ላይ ሊያስፈጽመው አይደፍርም።

አንዲት እህት ደግሞ ባለፈው መስከረም ላሟ ሜዳ ላይ ተነፍታ እንደሞተችባት ተናገረች። ሜዳው ማገጥ የበዛበት ነበር፤ ያ ሦስት ቅጠሉ፣ ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣው። እህቴ፣ ማገጥ ምርጥ መኖ ነው፣ አትንቀዪው። ግን ለጋ ሆኖ፣ ጤዛ ይዞ፣ የተራበች ላም ስትጎርሰው ከርሷ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ጋዙ በአረፋው ይታፈንና ማግሳት ያቅታታል። ግራ ጎኗ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ሊገድል ይችላል። መከላከያው ሰዓት ነው። ጠዋት ገለባ ወይ ድርቆሽ አብያት። ጤዛው እስኪደርቅ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ድረስ አቆያት። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ጎኗ ሲወጠር ካየሽ ከሜዳው አውጫት፣ ቁማ ትሂድ፣ ባለሙያ በአስቸኳይ ጥሪ። የምግብ ዘይት አረፋውን ይሰብረዋል። ስታጠጪያት ግን ጭንቅላቷን ወደ ላይ አትቀልብሺ፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

ፈረስ ያለው ወጣትም ጠየቀ። ጋሪ የሚጎትት ፈረሱ ክረምቱን ሥራ ፈቶ ሜዳ ላይ ዋለ፤ አሁን አንገቱ ደድሮ ወፍሯል፣ ሲራመድ እሳት የረገጠ ይመስላል። ወንድሜ፣ ይህ የጥጋብ በሽታ ነው። ለጋ ሳር ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛበት ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆስላል። ዛሬውኑ ከሜዳው አውጣው፣ ለባለሙያ አሳየው፣ አታስሩጠው። አሁን ድርቆሽ ይብላ። ከዳነ በኋላ “ሦስት ሰዓት ብቻ ልልቀቀው” እንዳትል። ፈረስ ሰዓቱ ሲያጥርበት ያውቃል፤ በችኮላ ብዙ ይጎርሳል። አጭር ገመድ፣ ወይም ቀድሞ በላም የተጋጠ ሜዳ ይሻላል። በሌላ አገር አፍ ላይ የሚታሰር፣ ታቹ ቀዳዳ ያለው መረብ ይጠቀማሉ፤ ሳሩን በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ያሳልፋል። ውሃ መጠጣት የሚችልበት እስከሆነ ድረስ እዚህም የሚሠራው አይጠፋም።

መጨረሻ የጠየቁት ከመንዝ የመጡ እናት ናቸው። አንድ ጥማድ የተከለለ ሳር አላቸው፣ ዐሥር በግ አላቸው። “ስንት ቀን ያቆይልኛል?” ነው ያሉት። ዛሬ ከተጠየቀው ሁሉ ይህን ወድጄዋለሁ።

አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በጭራሮው ለክተው 150 ግራም ካገኙ፣ ግማሹን ሲተዉለት 187 ኪሎ ያህል ለበጎቹ አለ። ዐሥር በግ በቀን 7.5 ኪሎ ይበላሉ። ሲካፈል 25 ቀን ነው። ሜዳውን በአምስት ከፍለው አምስት አምስት ቀን ቢያስግጡት ይደርሳል። አንድ ላይ ከለቀቋቸው ግን አይደርስም፤ መርጠው ይበሉና ሌላውን ይረግጡታል። ደግሞ 25 ያልኩት በስሌት ነው፤ ሳሩ አያነብም። በየቁራጩ ሦስተኛው ቀን ላይ ጎንበስ ብለው በጣትዎ ይለኩ። ሦስት ጣት ከደረሰ ሁለቱን ቀን አይጠብቁ፣ በዚያው ማታ ወደሚቀጥለው ያሻግሯቸው።